በየጁምዓው የሚሄድ ሰላምታ

አሕመድኑር ጊዜ ሲባክን ካየ ያመዋል። መካነ ሰላም ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነው። ጠዋት ቢሮ እንደገባ የቀኑን ሥራ በዝርዝር ይጽፋል፤ የከበደውን ያስቀድማል፣ የቀለለውን ያስከትላል፣ አንዱን በጨረሰ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘዋል። ያቺ ስረዛ ከምሳ ትጣፍጠዋለች። ሰው መንገድ ላይ አቁሞ «እንዴት ሰነበትክ? ቤተሰብ ደህና? አገሩ አማን ነው?» ሲለው አፉ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። ወሎ ተወልዶ ሰላምታ የሚሰለቸው ሰው እንግዲህ እሱን አየን!

የባሰበት ደግሞ እትዬ ራሕማ ጋ ሲደውል ነበር። እትዬ ራሕማ አክስቱ ናቸው። እናቱ በሦስት ዓመቱ ሲሞቱበት አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ልጅም የላቸው። ከከላላ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው ብቻቸውን ይኖራሉ። ታዲያ ሲደውልላቸው ሰላምታው ሩብ ሰዓት፣ ዱዓው ሩብ ሰዓት! አሕመድኑር አሰላና መላ አገኘ። ስልክ ላይ መልእክት አንድ ጊዜ ጽፈው ቀንና ሰዓት ከሰጡት፣ ስልኩ ራሱ በየሳምንቱ የሚልክበት ዘዴ አለ። ጻፈ፦ «ሰላም እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ይንገሩኝ።» በየጁምዓው፣ ጠዋት አራት ሰዓት። ከዚያ ከዝርዝሩ ላይ «አክስቴ» የሚለውን በቀይ ሰረዘ።

እሳቸውንም «ሥራ ላይ ስለምሆን አይደውሉ፣ በጽሑፍ ይሻላል» አላቸው። የዘመድ መልእክት ሁሉ ደግሞ ሐሳቡን እንዳይሰርቅበት ድምፁን አጥፍቶ ለብቻው እንዲጠራቀም አደረገው። ፋታ ሳገኝ አየዋለሁ ብሎ ነው። ፋታው ሳይገኝ ዓመት ሞላ።

አንድ ሐሙስ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና እንዲሰጥ ታዘዘ። አርባ ሠራተኛ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ። አሕመድኑር ስልኩን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝቶ ግድግዳው ላይ አበራው። ስለ ሥራ ዝርዝር አስረዳ፣ ኮምፒውተር ላይ ሥራ ስለሚያፋጥኑ ቁልፎች አስረዳ፤ ሰዉ ያዛጋል። ጡረታ የደረሱት መዝገብ ያዥ፣ ጋሽ ይሄነው፣ ከፊት ወንበር ሆነው «እስቲ ልጄ፣ አንተን ራስህን የጠቀመህን አንዱን አሳየን» አሉት።

ደስ አለው እንጂ! «እኔ አክስቴን አንድም ጁምዓ ረስቻቸው አላውቅም፤ ያውም ጣቴን ሳላነሳ» አለና የእትዬ ራሕማን ስም ከፈተ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ግድግዳው ላይ የእሱ ሰላምታ በአንድ በኩል፣ የእሳቸው መልስ በሌላ በኩል ተደረደረ። መልስ መኖሩን ያየው ገና ያኔ ነው። ጋሽ ይሄነው ደግሞ ጽሑፍ ካዩ ድምፅ ሳያወጡ ማንበብ አይሆንላቸውም፤ መነጽራቸውን አደረጉና ጀመሩ።

«ልጄ አሕመድኑር፣ አላህ ዕድሜህን ያርዝመው። ይህን የምትጽፍልኝ ከላላ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ብርሀንነሽ ናት። ደህና ነኝ። ዓይኔን ብቻ ትንሽ ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል።»

ከሥሩ የእሱ፦ «ሰላም እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

«ስለጠየቅኸኝ አላህ ይስጥልኝ። ሞራ ነው አሉኝ፤ ቢያወጡት ይድናል አሉ። ደሴ በነጻ የሚያክሙ ሐኪሞች ይመጣሉ። አገሩን ስለማላውቀው አንተ ብትወስደኝ።»

«ሰላም እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

«ልጄ፣ ሐኪሞቹ እሑድ ይሄዳሉ። ነገ ብትመጣ እንደርሳለን።»

«ሰላም እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?»

ከኋላ አንዱ ሳቅ ጀምሮ መሐል ላይ ዋጠው። ጋሽ ይሄነው የመጨረሻውን ሲያነቡ ድምፃቸው ወረደ፦ «ሥራ በዝቶብህ ነው፤ አይክፋህ። አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምለየው።» አንዲት ሴት «ውይ፣ የኔ እናት!» አለች።

አሕመድኑር ክው አለ። ገመዱን ለመንቀል ተጣደፈ፤ ሁለት ጊዜ ሳተው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እውነቱን ከተነጋገርን፣ መጀመሪያ ያሳፈረው አርባ ሰው ማየቱ ነው። የእትዬ ራሕማ ዓይን ትዝ ያለው ቤቱ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ነበር። የትኛው ሐፍረት መቅደም እንደነበረበት ሲገባው እንደገና አፈረ።

በማግስቱ ማለዳ ለከላላ ተሳፈረ። እውነቱን ሊናገር ነበር የተነሣው። መኪናው ጥቂት እንደሄደ ግን «ኔትወርክ አልነበረም» የምትል ሐሳብ ብቅ አለችለት። በዚህ አገር ኔትወርክ አልነበረም ያለን ሰው ማን ይመረምረዋል? ውሸትና ስንቅ እያደር እንደሚቀል ረስቶ፣ ያቺኑ ይዞ ከላላ ወረደና በእግሩ ወደ ቤታቸው አቀና።

እትዬ ራሕማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ሳይጨርስ «አሕመድኑር! የኔ ጌታ!» ብለው ብድግ አሉ። ስመው አልጠግብ አሉ። አጠገባቸው አስቀመጡት፣ ሁለቱን እጆቹን ይዘው አልለቀቁም። የዓይናቸውን ብሌን አሬራ የመሰለ ነጭ ነገር ጋርዶታል።

«እትዬ፣ መልእክትዎ አልደረሰኝም ነበር» አለ፣ ፊታቸውን ላለማየት ወደ አጥሩ ዞሮ። «ኔትወርኩ ተበላሽቶ የእኔ ይሄዳል እንጂ የእርስዎ አይገባም ነበር። ትናንት ነው ባንዴ የገባው።»

«እኔስ ምን አልኩ!» አሉ። «ብርሀንነሽ ‹ልጅዎ አይቶ ነው ዝም ያለዎት› ብትለኝ ተቆጣኋት። ‹አንድ ጁምዓ ሳያጓድል በእጁ እየጻፈ የሚጠይቀኝ ልጅ፣ ችግሬን ሰምቶ ዝም ይላል?› አልኳት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል።»

አሕመድኑር እፎይ አለ። እፎይ በማለቱ ራሱን ጠላ። «ነገውኑ ደሴ እንሄዳለን፤ በግልም ቢሆን አሳክምዎታለሁ» አላቸው። ይህቺ እንኳ እውነት ነበረች።

ያኔ የእትዬ ራሕማ ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ጮኸች። ጁምዓ ነው፣ አራት ሰዓት።

«ይቺ የአሕመድኑር ናት!» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው ፊታቸው በርቶ። በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ሌላ የሚጽፍላቸው የለም። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ አሥሩም እሳቸው እጅ ውስጥ ናቸው።

«ማነው የጻፈልኝ?»

ውሸት ቢፈልግ አጣ። «ስልኩ ነው፣ እትዬ። አንድ ጊዜ ጻፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ ራሱ ነው የሚልከው። መልስዎንም ከፍቼ አላየሁትም። ኔትወርክ ደህና ነበር።»

እትዬ ራሕማ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለው። እጆቹን ጉልበቱ ላይ መልሰው አስቀመጡለት። በትራቸውን ፈልገው አገኙና ተነሡ።

«ወዴት ነው፣ እትዬ?»

«ከላላ። ያቺን ልጅ አፉ በይኝ ልበላት፤ በሐሰት ነው የተቀየምኳት።»

«እኔ ልምራዎት፣ መንገዱ ድንጋይ ነው።»

«መንገዱንስ ተወው፣ ለምጄዋለሁ» አሉ። «ለአንተ መልስ ላስጽፍ ዓመት ሙሉ ተመላልሼበታለሁ።»

ክንዳቸውን ሊይዝ የዘረጋውን እጅ የት እንደሚያደርገው አጣ።