ሃያ ደቂቃ ሄዳ የምትቆም መኪና

መኪናዋ ለስድስተኛ ጊዜ የቆመችው በሮች ጭነን ከከተማ በወጣን በሃያ ደቂቃችን ነው። መጀመሪያ ታስላለች፣ ከዚያ ጉልበት ታጣለች፣ ከዚያ ነዳጅ ብረግጥ ባልረግጥ ለእሷ አንድ ነው። ወደ ዳር አወጣኋት። አጎቴ አንድም ቃል ሳይናገር ወረደና የማይታጠፈውን ቀኝ እግሩን እየጎተተ መኪናዋን ይዞራት ጀመር። አጎቴ ሲናደድ ይጮኻል፤ ሲቆርጥ ግን ዝም ይላል።

አጎቴ አናጺ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። እግሩ ከተጎዳ ወዲህ ይህችን በዕድሜ የምትበልጠኝን ፒክአፕ የምነዳለት እኔ ነኝ። ትምህርት ጨርሼ ቤት በዋልኩበት ዓመት ቁልፉን ሲሰጠኝ ሥራ የሰጠኝ መስሎት ነበር። ለእኔ ግን የራሴ ክፍል እንደተሰጠኝ ነው። ጋቢናዋ ውስጥ ማንም «ምን ሆነህ ትተክዛለህ?» አይለኝም። ዕቃ አድርሼ ባዶዬን ስመለስ የት የት ደርሼ እንደምመጣ የማውቀው እኔው ብቻ ነኝ። እሷ ከተሸጠች የሚጠብቀኝ ወርክሾፑ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት እንጨት ማለስለስ፣ ያውም ከሦስት አፈኛ አናጺዎች ጋር። አጎቴ ደግሞ ጠዋት ሲነሳ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ዛሬ ከቆመች ለደላላው እደውላለሁ ብሎ።

ያልተሞከረ ነገር አልነበረም። ከተማው መግቢያ ላይ ያለውን መካኒክ «ጆሮ» ይሉታል፤ ረጅም ካቻቢቴ ሞተር ላይ ደግፎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ስለሚያዳምጥ። ጆሮ ካንዴላዎቹን ቀየረ። ካርቡራተሩን አውርዶ አጠበ። ፊልትሮ ቀየረ። በመጨረሻ የነዳጅ ፓምፑ ደክሟል ብሎ አዲስ ገጠመ። በማግስቱ ቆመች። አጎቴ ጋራዡ በር ላይ፣ ደንበኞች እየሰሙ፣ አሮጌ ፓምፕ ወልውለህ ነው የገጠምክልኝ አለው። ጆሮ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የሚጠረግ ነገር ካለቀ በኋላም ጠረገ። ሃያ ዓመት ሲቀላለዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስናልፍ ቀና ብሎ አያየንም።

አሁን አጎቴ ዙሩን ጨርሶ ስልኩን አወጣ። ደላላውን ገመድ ይዘህ ና፣ በሮቹን የሚጭን ሌላ መኪናም አምጣ ሲለው ሰማሁት።

የምይዘው የምለቀው ጠፋኝ። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ባትሪውን ነካካሁ፣ ሽቦዎቹን ወዘወዝኩ፣ ጎማውን ሳይቀር በእግሬ መታሁት። መቼም የጨነቀው ሰው የማይነካው የለም፤ እስኪ ነዳጅ መኖሩን ልይ ብዬ የሰልባትዮዋን፣ የነዳጅ መያዣዋን ክዳን አዞርኩ።

ሰልባትዮው ተነፈሰ። ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው ረጅም አየር ሳበ። ክዳኑን ገልብጬ አየሁት።

ክዳኑ መሃል የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ነበረችው። ኮረኮንች ላይ በእሷ በኩል ነዳጅ እየተረጨ በሳምንት ሁለቴ የማጥበውን ጎኗን ያዥጎረጉረዋል፤ ሽታውም ጋቢና ይገባል። ከሁለት ወር በፊት ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጬ፣ ከውስጥ በማስቲሽ ለጥፌ ደፈንኳት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴ ግን ኮርቼ ነበር። ለካ የደፈንኩት አፍንጫዋን ኖሯል። ሞተሩ ነዳጅ ሲስብ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ ካልገባ ሰልባትዮው ይታፈናል፣ ነዳጁም መምጣት ያቆማል። በቆመች ቁጥር ጥቂት አርፋ የምትነሳውም በማስቲሹ ሥንጥቅ ትንሽ ትንሽ አየር ሾልኮ ስለሚገባላት ነው።

አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ላስቲኩን በጥፍሬ ፈልቅቄ ኪሴ ከተትኩ፣ ክዳኑን መለስኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች።

«ምን አደረግካት?»

«ቱቦዋን ነፋሁት» አልኩ። ውሸቱ ከእኔ ቀድሞ ወጣ።

አጎቴ ለደላላው ቆይ እስኪ አለው። ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ አርባ ሆነ። ዳገቱን ወጣች። በሮቹን አራግፈን ስንመለስ አጎቴ እንደገና ደወለና መኪናዋ እንደማትሸጥ ነገረው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። ያ ሌባ አራት ጊዜ ፈቶ ያላገኘውን የእህቴ ልጅ በትንፋሹ አገኘው እያለ ጭኔን ጠበጠበኝ። እኔ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ፣ ከፍ አደረግኩ። ጆሮ ደንበኛ ሞልቶታል፣ ነገሩም ይረሳል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ደግሞ ለአጎቴ እውነቱን እነግረዋለሁ ብዬ የምናገረውን በልቤ ደረደርኩ፤ በልቤ ስናገር ግን ሁልጊዜ የሚያቋርጠኝ ዝናብ ይመጣል ወይም ስልክ ይጮኻል።

«ጋራዡ ጋ አቁምልኝ» አለ አጎቴ። «ሰላም ልበለው።»

የአጎቴን ሰላምታ አውቀዋለሁ። አልፌ ልበር ቃጣኝ፤ እግሬ ግን ፍሬኑን ረገጠ። ጆሮ አንዲት መኪና ሥር ተኝቶ ሁለት እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። አጎቴ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «አንተ የፓምፕ ነጋዴ፣ ውጣና ልጁ ያስተምርህ» አለ። እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ።

በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ላስቲኩን አውጥቼ እግሮቹ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሼ፣ ፓምፑ አዲስ ነው። ሰልባትዮውን ያፈንኩት እኔ ነኝ። ክዳኑን በዚህ ደፍኜው ነበር።»

ጆሮ እየተንፏቀቀ ወጣ። ላስቲኩን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው፣ ሄዶ ከክዳኑ ጋር አስተያየው።

«የለጠፍከውስ አሳምረህ ነው» አለ። ቀልድ ይሁን ቁጣ አልገባኝም። «እኔም ሞተር ሞተሩን ስል አንድ ቀን ክዳኗን አልከፈትኩም።»

አጎቴ ቀስ ብሎ ወረደ። እኔን አላየኝም። ሄዶ ጆሮ ፊት ቆመ። ጎረቤቶቹ መካኒኮች ሥራ አቁመው ያያሉ። አጎቴ ወደ እነሱ ዞሮ፣ ድምፁን እንደዚያን ቀን ከፍ አድርጎ፣ ፓምፑ አዲስ ነው አላቸው። ከዚያ ወደ ጆሮ ተመለሰ።

«ምሳ በላህ?»

«አልበላሁም።»

«እኔም አልበላሁም። ቤት እንሂድ።»

አጎቴ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት። ለጆሮ አቀበለውና፣ «አንተ ንዳት። እሱን ዛሬ ይበቃዋል» አለ።

ከነገስ ብዬ አልጠየቅኩም። ከኋላ ወጥቼ የእንጨት ብናኙ ላይ ተቀመጥኩ። በጋቢናው መስታወት ሁለት ማጅራት ይታየኛል፤ ያውሩ ይኮራረፉ አልለየሁም። የሞተሩን ድምፅ እየጠበቅኩ ተቁነጠነጥኩ። ብትስል ደስ ይለኝ እንደሆነ ወይም ይከፋኝ እንደሆነ አላውቅም። አልሳለችም።