በጉም ውስጥ አሥራ አንድ ኪሎ

አሥራ አንድ ኪሎ። ሊላክ የምትባለው የሆስፒታሉ ነርስ ጨው አቀብይኝ እንደማለት በቀላሉ ነው የነገረችኝ። «ዘቢደር፣ ደምሽ ከእህትሽ ጋር ይስማማል፤ ኩላሊትሽም ጤነኛ ነው። ግን ዘጠና አንድ ኪሎ ሆነሽ ማንም ሐኪም አይነካሽም። እስከ ፋሲካ ከሰማንያ በታች ውረጂና ነይ» አለችኝ።

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ፣ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ አንድ የካርቶን ፋብሪካ ሚስራድ፣ ቢሮ ማለቴ ነው፣ የደንበኞች ትእዛዝ እመዘግባለሁ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ወንበር ላይ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ ያሳደግሁት ነገር ቢኖር ዳሌዬን ነው፤ ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይኸው ነው።

ታላቅ እህቴ ሰንበቱ ደሟ በማሽን መታጠብ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆናት። እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ። አንድ ጊዜ ወንድማችን ይሄይስ ኩላሊቴን ልስጥሽ ቢላት «ከልጆች አባት ላይ ቆርጬ አልወስድም! ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ!» ብላ አሳፍራ ሰደደችው። ስለዚህ እኔ ነገሬን በሆዴ ያዝኩ። ሁሉም አልቆ፣ ቀኑ ተቆርጦ ስነግራት እምቢ ማለት ያቅታታል ብዬ ነው። ሞኝ ነኝ፤ ግን ሌላ መላ አልነበረኝም።

ልጄ ሆዳያ አሠልጣኝ ሆነችብኝ። «ኢማ፣ ዓርብ ጠዋት አምስት ኩፍሳ እንሞላለን፣ ለአምስት የሥራ ቀን፤ ዳይ፣ አለቀ!» ኢማ የምትለው እኔን እናቷን ነው፤ ኩፍሳ የምትለው ደግሞ ክዳን ያለውን የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ምስር፣ ጎመን፣ ዘይት ያልነካው የዶሮ ደረት። በመጀመሪያው ሳምንት አምስቱንም ወስጄ የሚስራዱ ፍሪጅ ውስጥ ደረደርኳቸው፤ እሑድ፣ የእኛ ሥራ በሚጀምርበት ቀን፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የሰኞንም ጨርሼው ነበር። ሆዳያ ይህን ሰምታ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ አንድ እየቆጠረች ትሰጠኝ ጀመር።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ አውቶቡሱን ትቼ ከሰፈራችን ከአፉላ ኢሊት ቁልቁል በእግሬ እወርዳለሁ። በክረምት ጉሙ ሜዳውን ይሞላዋል። ከላይ ሲያዩት ከተማው የለም፣ ጣቢያው የለም፣ ፋብሪካው የለም፤ ነጭ ብቻ ነው። እዚያ ነጭ ውስጥ መግባት እንዴት ደስ ይላል! የገዛ እግሬን አላየውም። ሲርበኝ ራሴ ቅልል ይለኛል፣ የምራመድ ሳይሆን የምንሳፈፍ ይመስለኛል። እዚያ ውስጥ ሰንበቱን አያታለሁ፤ በሽታ ሳይነካት፣ ብርቱካን እየላጠች፣ ውኃ ሳትለካ በትልቅ ጣሳ ስትጠጣ። አንዳንዴ ጮክ ብዬ አወራታለሁ። አንድ ቀን ቦርሳውን የተሸከመ ወታደር ከጉሙ ብቅ ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። «ምን ታያለህ?» አልኩት በአማርኛ። ልጁ «ቦከር ቶቭ»፣ እንደምን አደርሽ፣ ብሎኝ አለፈ።

ችግሩ ራሷ ሰንበቱ ነበረች። መብላት አትችልም፤ ቲማቲም ክልክል፣ ድንች ክልክል፣ ጨው ክልክል። ስለዚህ ታበስላለች፤ ለእኔ። ቤቷ ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው። ሐሙስ ከማሽኑ ስትመለስ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝልፍልፍ ብላ ትተኛለች፤ ዓርብ ግን ተነሥታ ዶሮ ትሠራለች። «ዘቢዬ፣ አንቺ ስትበዪ እኔ እጠግባለሁ» ትለኛለች። ይህን ሰምቶ እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል? አልበላም ብላትስ ለምን ልትለኝ አይደል? እናም «ለሥራ ቦታ ቋጥሪልኝ እቴ፣ እዚያ ተረጋግቼ እበላዋለሁ» እላታለሁ። ደስ ብሏት ዕቃውን እስከ አፉ ትሞላልኛለች።

ያን ዶሮ አለቃዬ ሞርዴካይ በላው። መጀመሪያ በርበሬው አስለቀሰው፤ በሦስተኛው ሳምንት ዳቦውን ይዞ ይጠብቀኝ ጀመር። እኔ ጎመኔን እያላመጥኩ በመስኮት የታረሰውን ሜዳ አያለሁ፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ቀስ ብለው ይዋኛሉ፣ ስልኩ ከሩቅ አገር የሚጮኽ ይመስለኛል። ወሩ በወሩ ላይ እንዲሁ አለፈ። እኔ ስቀንስ እሱ ጨመረ። ኪሎዬ የት እንደገባ የሚጠይቅ ካለ የሞርዴካይ ሆድ ላይ ይፈልገው።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰማንያ አንድ ደረስኩ። በዚያ ሐሙስ ዝናብ ጣለና ሞርዴካይ በመኪናው ሸኘኝ። ሕንፃችን በር ላይ ሰንበቱ ከሆስፒታል ከሚመልሳት መኪና እየወረደች ነበር። ሞርዴካይ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በዕብራይስጥ ጮኸ፤ «እህቷ አንቺ ነሽ? እጅሽ ይባረክ! በየሳምንቱ ዶሮሽን እስከ አጥንቱ የምጨርሰው እኔ ነኝ፤ ዘቢደርማ አትቀምሰውም!» እጁን አውለብልቦ ሄደ። ምነው ምላሱን በቆረጠው!

ሰንበቱ ዝናቡ ላይ ቆማ አየችኝ። ወገቡን በመርፌ ቁልፍ የያዝኩትን ቀሚሴንም አየችው።

«የበሽተኛ እጅ ነው ብለሽ ነው?» አለችኝ።

«እቴ፣ አፈር ስሆን! ምን ነካሽ?»

«ተጸየፍሽኝ ዘቢ?»

ይህን ስትለኝ የያዝኩት ሁሉ አመለጠኝ። «ኩላሊቴን ልሰጥሽ ነው! ከሰማንያ በታች ካልሆንኩ አይወስዱልኝም፤ ለዚያ ነው!» ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼ ነገርኳት። ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ዓርብ ዶሮ አልተሠራም። ደጇን ባንኳኳ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገችው።

እኔም ተናደድኩ። እንግዲህ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላቆምም አልኩ። በንዴት ሁለት ጊዜ መሄድ ጀመርኩ፤ ጠዋት ቁልቁል፣ ከሥራ ስመለስ ዳገቱን። በቀጠሮዬ ቀን ሚዛኑ ላይ ወጣሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። «ሰባ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት!» አለች ሊላክ፣ አቀፈችኝም። «አሁን የቀረው እህትሽ ራሷ መጥታ መስማማቷን መናገር ነው።»

«ትመጣለች» አልኩ። ዋሸኋት።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ከጉሙ የተነሣ ሰው ከሰው አይለይም ነበር። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ስደርስ ወንበሩ ላይ አንድ ሰው ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል። ሰንበቱ ናት።

«ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ። ቁጭ አልኩ።

«እኔ ለሞቴ ተሰናድቼ ነበር ዘቢ። ዕቃዬ ለማን እንደሚደርስ ሁሉ ጨርሼ፣ ሰላም አግኝቼ ነበር። አንቺ ምን አገባሽ?»

«ምንም አላገባኝ» አልኳት።

«ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የሚመጣውን ዓመት አስባለሁ። ሆዳያን ስድራት ይታየኛል። ፈራሁ።»

«ምኑን እቴ? ቢላዋውን?»

«ምን ቢላዋ!» አለችና እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። «መኖር አማረኝ።»