ከግድግዳው ወዲያ

መብርሂት ያደገችው አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሰፈሩ ሁሉ «ይማርህ» በሚልበት ግቢ ነው። ስለዚህ ቤት እንግዛ ሲባል ሐሳቧ አንድ ነበር፤ ኮንዶሚኒየም፣ ያውም አራተኛ ፎቅ፣ በሩን ጥርቅም አድርጎ መኖር። ባምቢስ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ባሏ አስገዶም ግን መሬት ካልረገጠ ቤት የገዛ አይመስለውም። «አየር ልግዛ እንዴ?» ይላል።

ደላላው ወዳጆ ጠዋት ፎቁን አሳያቸው። መብርሂት ከመስኮቱ አልላቀቅ አለች፤ አስገዶም ትንፋሹ እስኪመለስ ግድግዳ ተደግፎ ቆየ።

ከሰዓት ቂርቆስ ሄዱ። ሁለት ክፍል፣ ጠባብ ግቢ፣ አንድ የወሽመላ ዛፍ። መብርሂት ቀና ብላ አየችና «ጣሪያው የሚያፈስ ይመስላል» አለች በሹክሹክታ።

«ጣሪያውስ ደህና ነው» አለ አንድ የሴት ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ። «አምና ነው የተቀየረው። ይልቅ ወለሉን እዩ። ክረምት ላይ ውሃ ይገባል።»

ሦስቱም ክው አሉ።

ወዳጆ ግድግዳውን በመዳፉ መታ። «እትዬ መድኃኒት! በቃ፣ ሥራችንን እንሥራበት!»

«ሥራ! ማን ከለከለህ? ውሃውን ግን ንገራቸው።»

አስገዶም ሳቁን በሳል ሸፈነ። መብርሂት መጀመሪያ ተናደደች፤ ቆይታ ግን ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች።

«ይቅርታ እትዬ፣ ቧንቧውስ እንዴት ነው?»

«ሲያሻው ይመጣል። በርሜል ያስፈልግሻል።»

«ጎረቤቱስ?»

«እኔ ነኝ። ወሬ እወዳለሁ፤ ሌባ ግን አላሳልፍም።»

ወዳጆ የሚደወልለት አስመስሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወጣ።

ኦሎምፒያ ወዳለው የኪራይ ቤታቸው ሲመለሱ አስገዶም እጁን ሰጠ። «በይ ፎቁን እንውሰድ። ቂርቆስማ ሴትዮዋ ማንኮራፋቴንም ልትቆጥረው ነው።»

«ማለቴ... ፎቁ ላይ ጉዱን ማን ነገረን?» አለች መብርሂት። «እዚያ የሚፈሰውን የምናውቀው ከገባን በኋላ ነው። ወለል እንደሆነ ከፍ ይደረጋል።»

አስገዶም ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈርቶ እዚያው ለወዳጆ ደወለ።

ቤቱን ገዙት፤ ክረምት ሳይገባ ወለሉን በሲሚንቶ ከፍ አደረጉ። ጓዛቸውን ባስገቡ ማግስት መብርሂት ካዛንቺስ ካለው መሥሪያ ቤቷ ስትመለስ የእትዬ መድኃኒትን በር አንኳኳች። ከድምፃቸው ተነስታ ግዙፍ ሴትዮ ጠብቃ ነበር። በሩን የከፈቱት ግን ትከሻዋ ጋ እንኳ የማይደርሱ፣ እፍ ቢሏቸው የሚወድቁ አሮጊት ነበሩ። ሳቋ አመለጣት።

«ምን ይገትርሻል? ግቢ እንጂ!» አሉ እትዬ መድኃኒት።