ተጠባባቂው በረኛ ሲጠራ

ደመወዝህ ስንት ነው ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ዜሮ። አዎ፣ ባዶ! ቬጋስ ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ የሚያደርግ ልጅ እንኳን ቲፕ አለው። እኔ ግን በትልቁ አሬና የባለሙያዎቹ የበረዶ ሆኪ ተጠባባቂ በረኛ ሆኜ የሚደርሰኝ ነፃ ፓርኪንግ፣ አንድ ሳህን ፓስታና መቀመጫ ብቻ ነው። ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ በረኞቹ በሙሉ ከተጎዱበት እኔ እጠራለሁ፤ ባለሜዳም ይሁን እንግዳ ለቸገረው እገባለሁ። ከገባሁ ማሊያውን ይሰጡኛል፣ በቃ። ሚስቴ ሀሌታ «ሰው ለማሊያ ብሎ ጥርሱን ያስረግፋል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

እኔ ግን ማሊያውን ብዬ አይደለም። አባቴ ዘውገ በደርግ ዘመን በሱዳን አድርጎ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ታክሲ ነዳ። ሰንራይዝ ማነር የሚባል ሰፈር የነበረው አፓርታማችን በበጋ እሳት ስለሆነ፣ ቀዝቀዝ ይበለው ብሎ የበረዶ መጫወቻው በር ላይ ያወርደኝና ወደ ሺፍቱ ይፈተለክ ነበር። አንድ ቀን እንኳን ገብቶ አላየኝም። «ትልቁ ቦታ ስትጫወት መኪናዋን አቁሜ አይሃለሁ» እንዳለኝ ሞተ። ይኸው፣ ቀን ቀን ኤሲ እየጠገንኩ፣ ጨዋታ ባለ ቁጥር እዚያ ወንበር ላይ የምጎለተው አባቴ እንዲያየኝ ነው። የሞተ ሰው እንዴት ያያል? እኔ ምን አውቄ!

ያን ቅዳሜ ጨዋታው በጠራራ ፀሐይ ከሰዓት ነበር። የእንግዳው ቡድን አንደኛ በረኛ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ። ወዲያው ስልኬ ጮኸና «ውረድና ልበስ» ተባልኩ። ከመቀመጫዎቹ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል መከላከያዬን ሁሉ አስሬ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሁለተኛውም ከተጎዳ መግባቴ ነው።

ያኔ ነው ከኮሪደሩ አንድ ድምፅ የጠራኝ። «ወልደ ሰንበት!»

የክርስትና ስሜ ነው። እዚያ ሕንፃ ውስጥ እኔን የሚያውቁኝ ሲራክ ብለው ነው፣ እሱንም አጣመው። እናቴ ትብለጥ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ነግራኛለች፤ ፊቱን ሳታይ የጠራህን አቤት አትበለው፣ ሰው ከሆነ መጥቶ ይጠራሃል፣ ካልሆነም ይሄዳል። አውቃለሁ እኮ! ግን ዕድሜህን ሙሉ ለመጠራት ስትጠብቅ ኖረህ፣ ሲጠሩህ ዝም ትላለህ?

«አቤት!» አልኩ፣ ያውም በደስታ።

ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። መብራቱን ተከትዬ ወደ በረዶው ወጣሁ። ተጫዋቾቹ የራስ ቁር አድርገዋል፣ ውስጡ ግን ፊት አይታይም። እንደ ኳስ የምትመታው ጥቁሯ ጎማ ስትመታም ስትመጣም ድምፅ የላትም። በጓንቴ እይዛለሁ፣ በደረቴ እመልሳለሁ። አንዷ ትከሻዬን አግኝታኝ «እናቴ ድረሽ!» አልኩ። ቢሆንም አንድም አላስገባሁም! ዓይኔን ወደ መቀመጫዎቹ ባነሳ እልልታው ቀልጧል። በበረዶ ሆኪ ላይ እልልታ ማን ሰምቶ ያውቃል? ረድፍ በረድፍ የኛው ሰዎች ናቸው፤ ቀብራቸው ላይ የቆምኩ ታክሲ ነጂዎች፣ የሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው ያለፉ እናቶች። የአንዳቸውም አፍ አይንቀሳቀስም። በረዶውን ከከበበው መስታወት ጀርባ፣ ከሁሉም ፊት፣ አባቴ ያን የሥራ ጃኬቱን ለብሶ ተቀምጧል።

አለቀስኩ። ምን አሳፈረኝ፣ ቁሬ ውስጥ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ተንሸራትቼ ጠጋ አልኩና «አየኸኝ አባባ?» አልኩት።

«አየሁህ» አለ። ከዚያ ከጀርባዬ ሰው እንደሚፈልግ አሻግሮ ተመለከተ። «ልጅህስ? እሷን ለምን ሳታመጣልኝ መጣህ?»

ልጄ ማያ የተወለደችው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ወደ ኋላ አፈግፍጌ ዞር ስል ያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ።

ጨዋታውን ልታይ መጥታ የነበረችው ሀሌታ በሩን በርግዳ ገባች። «አንተ ሰው፣ የት ገብተህ ነው? አገር ምድሩ ሲፈልግህ!» ለካ ሁለተኛው በረኛም ተጎድቶ፣ ደውለው ደውለው ሲያጡኝ፣ በረኝነት የማያውቅ አጥቂ አቁመው ተሸንፈዋል። እዚሁ ነበርኩ ብላት «ቅድም ገብቼ አይቻለሁ፣ ክፍሉ ባዶ ነበር» አለችኝ። ልብሴን ሳወልቅ ትከሻዬ በልዟል።

በማግስቱ በኢሜይል አሰናበቱኝ። ዜሮ ደመወዝ ካለው ሥራ መባረር፣ ጉድ እኮ ነው! ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። ቁጣዋን ታወርድብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አየሁህ አለህ?» አለችኝ። «እኔ ዘውገን አውቀዋለሁ። የሚወደውን አንዴ አይቶ አይጠግብም።»

ዛሬ ከሥራ ስገባ ማያ ሳሎን ምንጣፉ ላይ በደረቷ ተኝታ ሥዕል ትስላለች፣ ሀሌታ ልብስ ታጥፋለች። ጫማዬን ሳላወልቅ ከመኝታ ቤቶቹ በኩል ያ ድምፅ መጣ። «ወለተ ጽዮን!»

የልጄ የክርስትና ስም ነው። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ በሱ ጠርተናት አናውቅም። ሀሌታ ምንም አልሰማችም፣ ማጠፏን ቀጠለች። ማያ ግን እርሳሷን አስቀምጣ ወደዚያው ዞረች። ዘልዬ አፏን በመዳፌ አፈንኩት። ታገለችኝ፣ ነከሰችኝ፤ ጆሮዬን አቁሜ፣ ድምፁ ዳግም አለመምጣቱን ሳረጋግጥ ቀስ ብዬ ለቀቅኳት።

«ዳዲ፣ ምን ሆነሃል?» አለች ተናዳ። «አያቴ እኮ ነው። ትናንትም ጠርቶኝ አቤት አልኩት።»