የብረቷ እጅ

የሆቴል አንሶላ በምናጥብበት ላውንደሪ አክስቴን «ብረቷ» ይሏታል። ከመተኮሻው ማሽን የሚወጣውን ትኩስ አንሶላ አዲስ ሰው በጨርቅ ይቀበላል። ጨርቁን ያልጣለ እዚህ ቤት ገና እንግዳ ነው። አክስቴ ግን በባዶ እጇ ጎትታ ታጥፈዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር አለቃችን ያሳያታል፤ ሰው ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። ሥራ ያስገባችኝ እሷ ናትና እኔም እስቃለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ መዳፏ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል አየሁ።

«ይሄ መቼ ነው የተቃጠልሽው?»

«የቱ?» እጇን ገልብጣ የሰው እጅ እንደምታይ አየችው። «እንጃ፣ ዛሬ ይሆናላ» ብላ መብላቷን ቀጠለች።

እኔ መብላት አቃተኝ። አጠገቤ የምታጥፈውን ሴት ብጠይቃት «የለመደ እጅ ነው» አለችኝ። ለአክስቴ ባል ብነግረው «ተያት፣ እሷ ከድሮም ጠንካራ ናት» አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔም ዝንቡን ፈርቼ ደንዝዤ ሰነበትኩ።

ከዚያ የሆቴሉ ሰዎች ሊጎበኙን መጡ።

«ብረቷ፣ እስኪ አሳዪያቸው!» አለ አለቃው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ሰው ሲቃጠል እጁን የሚሰበስበው ስለሚያመው አይደል? እሷ ለምንድነው የማትሰበስበው?»

«ቅናት ነው!» አለና ሳቀ። እንግዶቹም ፈገግ አሉ።

አክስቴ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። ክንዴን ይዛ እየጎተተች ልብስ መቀየሪያው ክፍል አስገባችኝ።

«አዋረድሽኝ! ከዚህ ቢያስወጡኝ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

«እጅሽን እዚህ አግዳሚ ላይ አድርጊና ዓይንሽን ጨፍኚ። ስነካሽ ንገሪኝ። ከተሳሳትኩ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

እልህ ይዟት ጨፈነች። ትንሿን ጣቷን ነካሁ። ዝም። ቆነጠጥኳት። አጠገቧ ያለችውንም፣ የጥፍሬ ምልክት እስኪቀር ድረስ ቆነጠጥኩ። ፊቷ ላይ ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም። እንባዬ መጣ፤ ግን አልለቀቅኋትም።

«ኧረ ቶሎ በይ» አለች አክስቴ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች። «ሥራ ትተን ነው የመጣነው። የምትነኪኝ ከሆነ ንኪኝ።»