ኩርሙክ ነው የተባባልነው

ሽማግሌው ማህጁብ ወደ ጤና ምርመራው ድንኳን መጀመሪያ የገቡት ሰኞ ጠዋት፣ እየሳሉ ነው። ሳሉ ከባድ ስለነበር ከኋላቸው የተሰለፉት ሰዎች ሁለት እርምጃ አፈገፈጉ።

«ከጀመረዎት ስንት ቀን ሆነ?» አለች ነርሷ አገኘሁሽ።

አስተርጓሚው ሱለይማን በበርታ ቋንቋ ጠየቃቸው።

«ብዙ ቀን ነው ይላል፣ ሲስተር።»

ሱለይማን የኩርሙክ ልጅ ነው። አማርኛን የተማረው ግማሹን ከትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከገበያ ሲሆን በእሱ አማርኛ ሽማግሌውም ሕፃኑም ሴቱም ሁሉ «እሱ» ነው። አገኘሁሽ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለምዳዋለች።

ወቅቱ የ2004 ዓ.ም. ግንቦት ነበር። ከሱዳን በኩል ድንበር ተሻግሮ ኩርሙክ የገባ ስደተኛ ሁሉ በአውቶቡስ ወደ ሸርቆሌ ካምፕ ከመወሰዱ በፊት መመርመር አለበት። ኩፍኝ የያዘው ልጅ፣ መውለጃዋ የደረሰ ሴት፣ የሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረ ሰው ከስልሳ ሰው ጋር ተጨናንቆ በዚያ መንገድ አይሄድም። የምርመራው ፎርም ሦስት ሣጥን አለው፤ «መጓዝ ይችላል»፣ «ከቤተሰብ ረዳት ጋር ይጓዛል»፣ «አይጓዝም»። አገኘሁሽ ማህጁብን «አይጓዝም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገችባቸውና አክታቸው እንዲመረመር አዘዘች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አውቶቡሶቹ ሲነሡ ለማየት ወጣች። ማህጁብ ሁለተኛው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወጥተው የሰው ፍራሽና ማሰሮ በገመድ እያሰሩ፣ ወደ ታች እየጮኹ ትእዛዝ ይሰጣሉ። አይስሉም።

ሐሙስ ዕለት ተመልሰው መጡ። የአክታው ውጤት ንጹሕ ነበር፤ ዛሬ ግን ትኩሳት ነው ያላቸው። አገኘሁሽ ቴርሞሜትሩን ብብታቸው ሥር አድርጋ ጠበቀች። ስታወጣው አርባ ሁለት ይላል። በአርባ ሁለት ዲግሪ ሰው እንዲህ ተረጋግቶ ተቀምጦ ዝንብ አያባርርም። ግንባራቸውን ነካች፤ ቀዝቃዛ ነው።

«እጅዎን ከፍ ያድርጉ፣ አባቴ።»

ሱለይማን ተረጎመ። ማህጁብ የተሰማቸው አይመስሉም። ደግማ በራሷ እጅ ክንዳቸውን ስታነሣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር መሬት ላይ ዱብ አለ። ሦስቱም አዩት።

«ድንጋይ ነው» አለ ሱለይማን። ማንም አልጠየቀውም። ጎንበስ ብሎ ነካውና ጨመረ፤ «ትኩስ ነው።»

ማህጁብ ድንጋዩን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት።

አገኘሁሽ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ደጅ እንዲቆዩ አድርጋ በርጩማ ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። «ጠይቀው፤ ለምንድን ነው መሄድ የማይፈልጉት?»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ሱለይማን ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ።

«ሚስት አልመጣም ይላል። አውሮፕላን ሲመጣ ሰው ሁሉ ሮጠ። እሱ በዚህ፣ ሚስት በዚያ። ሚስት ፍየል ፈልጎ ተመለሰ። ከመሮጥ በፊት ግን ተባብለዋል። ከጠፋን ኩርሙክ እንገናኛለን ብለዋል።»

«ሚስታቸው ስትመጣ ተመዝግባ ወደ እሳቸው ትላካለች በለው። ስማቸውን እናያይዛለን።»

ሱለይማን ተናገረ። ማህጁብ ባጭሩ መለሱ።

«‹ኩርሙክ ነው የተባባልነው› ይላል። ‹ሸርቆሌ አላልንም› ይላል።»

አገኘሁሽ ወደ ፎርሙ አየች። አውቶቡሱ ያንን ቀን ያለ እሳቸው ሄደ፤ ከድንጋዩ ጉዳይ እስኪወጡ ድረስ ሰዓቱ አልፎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የመጓጓዣው ኃላፊ ሰራዊት ዝርዝሩን ይዞ መጣ። ሰራዊት ክፉ ሰው አይደለም። ለሦስት መቶ ሰው የተሠራው ጣቢያ ዘጠኝ መቶ ሰው ይዞ ነበር፤ የውሃ ቦቴው በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ንፋሱ ከማዶ ሲነፍስ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል። ሰው በቶሎ ከድንበር መራቅ ነበረበት።

«ይህ ሰውዬ ከሦስት ቀን በላይ ቆይቷል» አለ። «ታሟል?»

«አልታመሙም።»

«እሺ፣ ሰኞ ይሂድ። ደግሞ ሸርቆሌ ሞልቷል። ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም ባምባሲ ነው የሚወርደው።»

«ባምባሲስ ሲሞላ?»

«ሲሞላ ወደ ሌላ።» ሰራዊት ይህን ያለው እንደ ጥሩ ዜና ነው።

አገኘሁሽ ራሷ አሶሳ አጠገብ ባለ የሠፈራ መንደር ነው የተወለደችው። በ1977 ዓ.ም. አባቷና አጎቷ ከወሎ ለሠፈራ ሲጫኑ አንዱ አውቶቡስ ስልሳ ሰው ሞላና አጎቷ ስልሳ አንደኛ ሆነ። አባቷ አሶሳ ወረደ፣ አጎቷ ፓዊ። እስኪገናኙ አምስት ዓመት ፈጀ። በቤታቸው ይህ ታሪክ ሲወራ ማንም አያዝንም፤ አባቷ እንዲያውም የሚያነሣው ስለ አውቶቡሱ ጎማ ሲያወራ ነው።

ሰኞ ማህጁብ ገቡ። አይስሉም፣ ብብታቸው ሥርም ምንም የለም። ተስፋ ቆርጠው ነበር። አገኘሁሽ ግን እንደዚያ ቀን አድርጋ ሰው መርምራ አታውቅም። ልባቸውን አዳመጠች፤ እንደ ሰዓት ይመታል። ሳንባቸውን አዳመጠች። ደም ግፊታቸውን ሁለቴ ለካች። ሆዳቸውን ነካካች፣ ጉልበታቸውን አጣጠፈች፣ የወባ ምርመራ አደረገችላቸው። በሰባ ዓመቱ እንደዚህ ጤነኛ የሆነ ሰው አልገጠማትም። በመጨረሻ ባትሪ ወስዳ ዓይናቸውን አየች።

«ይህን ጣቴን ያዩታል?»

«በዚህ ያያል፣ በዚህ አያይም ይላል» አለ ሱለይማን። «ድሮ ነው ይላል። ሚስት ነው የሚመራው ይላል፣ ማታ ማታ።»

የግራ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል፤ ቀኙም እየጀመረው ነው። ይህ እውነት ነበር። አገኘሁሽ ቀስ ብላ ጻፈች፤ «ከቤተሰብ ረዳት ጋር ይጓዛል። ረዳት፦ ሚስቱ። አልደረሰችም።»

ሰራዊት ፎርሙን ሁለቴ አነበበው።

«ረዳት እኔ እመድብለታለሁ።»

«ፎርሙ የቤተሰብ ይላል።»

ሰራዊት ፎርሙን ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው። መለሰላት። «ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አለ።

«አዎ» አለች።

ማህጁብ ከዚያን ቀን ጀምሮ የጣቢያው ሰው ሆኑ። ጠዋት ውሃ ሰልፍ ያስይዛሉ፤ ቀን ቀን መሻገሪያው አጠገብ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚገባውን ሰው ያያሉ። ደህና ዓይናቸው ወደ መንገዱ እንዲሆን ወገባቸውን ትንሽ አዙረው ነው የሚቀመጡት። የገባችውን ሴት ሁሉ «ከየት መንደር ነሽ?» ይላሉ። አንዳንዷ ታውቃቸዋለች፤ ሚስታቸውን ብኸይታን ግን ያየ የለም።

በሁለተኛው ሳምንት አምስት ሽማግሌዎችና ሁለት አሮጊቶች አገኘሁሽ ድንኳን መጥተው ዓይናቸውን እንድታይላቸው ጠየቁ። ሁሉም የሚጠብቁት ሰው ነበራቸው። የሦስቱ ዓይን እውነትም ታሟል፤ ጻፈችላቸው። የአራቱ ደህና ነበር፤ ሄዱ። አንዷ አሮጊት አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆና እስኪርቁ ድረስ አገኘሁሽን አየቻት።

ከአሶሳ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ከረዳት ጋር ይጓዛሉ የተባሉት ቁጥር ለምን እንደጨመረ በጽሑፍ እንድትገልጽ ይጠይቃል። «ዓይናቸው ስለማያይ ነው» ብላ መለሰች። ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ይኸኛው ማስጠንቀቂያ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት የአውቶቡስ ሹፌሩ ቦዔዝ ለሐሙሱ ጉዞ ደረሰ። ቦዔዝ የመንዲ ሰው ነው፤ ኩርሙክ መንገድ ላይ ሰባት ዓመት ስለነዳ የገበያ ዓረብኛም ትንሽ በርታም ይችላል። ሻዩን እየጠጣ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ እንደሚያወራ፣ «ባምባሲ አንዲት ሴትዮ አስቸገረችኝ» አለ።

«ምን አድርጋ?» አለች አገኘሁሽ።

«በደረስኩ ቁጥር በሩ ላይ ትቆማለች። የሚወርደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱን ታያለች። አልፎ ተርፎ ገብታ ወንበር ሥር ትፈልጋለች። ባሏን ነው አሉ። ‹ከኩርሙክ ነው የሚመጣው› ትላለች።»

«ስሟ ማን ነው?»

«እኔ እንጃ። ብኸይታ ነው መሰለኝ የሚሏት።»

አገኘሁሽ ተነሥታ ወደ ዛፉ ሄደች። ሱለይማንን መጥራት ረስታ ስለነበር ግማሽ መንገድ ላይ ተመለሰች።

ማህጁብ ወሬውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰሙት፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ዞሩ።

«ብኸይታ የሚባል ብዙ ነው ይላል» አለ ሱለይማን። «ብኸይታ ኩርሙክ ነው የሚመጣ ይላል። ባምባሲ አላልንም ይላል።»

«ታዲያ ምን ቢሆን ያምናሉ?»

ሽማግሌው አሰቡ። «‹ፍየሏስ?› ብሎ ሹፌሩ ይጠይቀው ይላል።»

ቦዔዝ ሐሙስ ሰዎቹን ጭኖ ሄደ። እስከ እሑድ ድረስ ማህጁብ ውሃ ሰልፍ አላስያዙም። ምግብ ግን ይበሉ ነበር፤ አገኘሁሽ አይታለች።

እሑድ ቦዔዝ ሲመለስ ከአውቶቡሱ ሳይወርድ በመስኮት ነበር የተናገረው። «‹ፍየሏስ› አልኳት። ሳታስጨርሰኝ ጮኸችብኝ። ‹ከኔ በፊት ስለ ፍየሏ የሚጠይቅ አንድ ሰው ብቻ ነው! ፍየሏ የለችም፣ ወታደር በላት በለው። እኔ ግን አለሁ በለው› አለች።»

ሱለይማን ሲተረጉም ማህጁብ መጀመሪያ ስለ ፍየሏ አዘኑ። ፊታቸው ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ቀጥሎ ከዛፉ ሥር ተነሡ፤ ከተነሡ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ የጠፋቸው ይመስል ቆሙ። አገኘሁሽ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ድንኳናቸው ወሰደቻቸው። 

በኋላ ነገሩ ተጣራ። ብኸይታ ወደ ኩርሙክ የሚያመጣው መንገድ በውጊያ ስለተዘጋባት በሌላው የድንበር መሻገሪያ፣ በጊዘን በኩል ተሻግራለች፤ ከዚያ በቀጥታ ባምባሲ ተወስዳለች። ሰራዊት ቀኖቹን ወረቀት ላይ አስልቶ ለአገኘሁሽ አሳያት። ማህጁብ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዞዎች ቢሄዱ ኖሮ ሸርቆሌ ይወርዱና ይጠፋፉ ነበር። በሦስተኛው፣ አገኘሁሽ ባስቀረቻቸው ቀን ቢሄዱ ደግሞ ብኸይታ በሁለተኛው ቀን ባምባሲ ላይ ታገኛቸው ነበር።

«ድንጋዩ ጠቀማቸው፣ ያንቺ ፎርም ጎዳቸው» አለ ሰራዊት።

አገኘሁሽ ወረቀቱን አየችው። ስሌቱ ስሕተት የለበትም። «ትክክል ነህ» አለች።  ሰራዊት እንድትከራከር ጠብቆ ኖሮ ትንሽ ቆመና ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። የሰኞውን ዝርዝር ሲያወጣ ማህጁብን አንደኛ ተራ ላይ ጽፏቸው ነበር።

ያን ሰኞ ከአውቶቡሶቹ ጋር የመጓዝ ተራው የአገኘሁሽ ነበር። ማህጁብ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጡ። አሶሳ ሲገቡ የፎቁን ብዛት ለቦዔዝ ቆጠሩለት።

ባምባሲ ካምፕ አውቶቡሱ ገና ሳይቆም አንዲት ቀጭን፣ ረጅም ሴት ከጎኑ እየሮጠች መጣች። በሩ ተከፈተ። ማህጁብ ተነሥተው ቆሙ፤ ግን መውረጃው ላይ ደረጃው አልታያቸውምና በእግራቸው ይፈልጉት ጀመር። ሴትየዋ እጇን ዘርግታ፣ ምንም ሳትናገር፣ የግራ ክንዳቸውን ይዛ አወረደቻቸው። መሬት ከረገጡ በኋላ ነው አፏን የከፈተችው።

«ምን አለች?» አለች አገኘሁሽ።

ቦዔዝ መሪውን እንደያዘ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። «‹ወር ሙሉ ኩርሙክ ምን ትሠራ ነበር?› አለችው።»

«እሳቸውስ?»

«‹ስጠብቅሽ› አለ። እሷ ደግሞ ‹መንገዱ መዘጋቱን አገር ሁሉ ያውቃል፣ አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው› አለችው። አሁን ደግሞ... አሁን አልሰማም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚያወሩት።»

መዝጋቢው ሊጠይቃቸው ሲቀርብ ብኸይታ በእጇ ምልክት ቆይ አለችው። ማህጁብ ሻሿን በጣታቸው ነክተው ፊቷን ወደ ደህናው ዓይናቸው አዞሩት። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። መዝጋቢው እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀ።

አገኘሁሽ የሃምሳ ስምንት ሰው ፎርም አስረክባ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰች። ባዶውን ነበር የሚመለሰው። ከባምባሲ ሲወጡ አለቀሰች፤ ብዙም አልቆየችም። ቦዔዝ መንገዱን እያየ ነዳ። አሶሳ መግቢያ ላይ መኪናውን አቁሞ ወረደና አንድ ፌስታል ማንጎ ይዞ መጣ፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

«ብይ» አለ።

ሦስት በላች። እጇን የምትጠርግበት ስታጣ ቦዔዝ የመስታወት መወልወያውን ጨርቅ አቀበላት።