የመጽሐፍ ዋስ

ዋስ መሆን ደግነት ነው የሚል ሰው ለወንድሙ ዋስ ሆኖ አያውቅም። እኔ ሆኜ አይቼዋለሁ። ቆሽቴ አርሮ ነው ያለቀው።

ቡታጅራ ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ የሃፊዛ ሱቅ ብትሉ የማያሳያችሁ የለም። ታናሽ ወንድሜ ሙባሪክ ባጃጅ ይነዳ ነበር። አምና ክረምት ባጃጁ ተገልብጦ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አዲስ አበባ ድረስ ወስጄ አሳከምኩት፣ ብረት ገባለት፣ አጥንቱ ገጠመ፣ አልሃምዱሊላህ። ጎረቤታችን ሲስተር ናዝራዊት፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራው፣ ራጁን አይታ "ይሄ እግር ከእንግዲህ መድኃኒቱ መሄድ ብቻ ነው" አለችው። እሱ ግን ከአልጋ አልወረደም። ከአልጋ ወደ መጸዳጃ፣ ከመጸዳጃ ወደ አልጋ። ክራንቹ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል፣ እሱ ተጋድሞ ስልኩን ይጎረጉራል።

አንድ ቀን ብቻ ወጥቶ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ደክሞት ድንጋይ ላይ አረፍ እንዳለ፣ አንዲት መንገደኛ ሴትዮ "አላህ ይማርህ" ብላ ጭኑ ላይ ብር ጣል አድርጋለት አለፈች። ሴትዮዋ ምን ታድርግ፣ ክራንች የያዘ አቧራ የለበሰ ልጅ ነው ያየችው። ብሩን ይዞ ቤት ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጣም። በዚህ ከቀጠለ ጅማቱ ይያዛል፣ ያኔ ልሂድ ቢልም አይሄድም ብላ ሲስተር ለብቻዬ ነግራኛለች። እኔ የምቃጠለው በዚህ ነው። የሰበረው መንገድ ሳይሆን የገዛ ፍራሹ አንካሳ ሊያደርገው ነው።

ታዲያ የመጽሐፉ እቁብ ሲመጣ አላህ የላከልኝ መሰለኝ። የጀመረው መምህር አስረስ ነው፤ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር፣ ወሬው ሁሉ ስለ ንባብ የሆነ ሰው። "በየቤታችን የተገዛ ግን ያልተነበበ መጽሐፍ ተቆልሏል። እዚህ አገር እቁብ የማይፈታው ነገር የለም፤ ለምን በመጽሐፍ አንጥልም?" አለ። ደንቡ ቀላል ነው። በወር አንዴ እሁድ ከሰዓት እንሰበሰባለን። ሁሉም አንድ አንድ መጽሐፍ ያመጣል፤ እጣ የወጣለት ሁሉንም ይወስዳል። ዝም ብሎ ግን አይወስድም፣ ዋስ ይጠራል። ቀጠሮው ሲደርስ ሰው ፊት ቆሞ ያነበበውን አንድ በአንድ ይናገራል። እሱ ከጠፋ ወይም ካላነበበ ዋሱ አንብቦ ይናገራል።

ይሄን የዋሱን ነገር የጨመሩት ዳኛችን ጋሽ ከድሮ ናቸው። የገበያውን የገንዘብ እቁብ ስንት ዘመን የዳኙ ሽማግሌ ናቸውና "ዋስ የሌለው እቁብ የልጆች ጨዋታ ነው" ይላሉ። ሱቄን ያቆምኩት በሳቸው እቁብ ነው። እሳቸው ፊት ዋስ ሆና ቃሏን የበላች ነጋዴ ገበያው ውስጥ ሰላምታ እንኳ አይተርፋትም።

የሙባሪክን ስም አስገባሁ። ቤት ውሎ አእምሮው ከሚዝግ ያንብብ፣ ካነበበ ደግሞ ሊናገር መውጣቱ አይቀርም፣ ከወጣ ይሄዳል ብዬ ነው። የመጀመሪያው እጣ ለእሱ ወጣ። "ዋሱ ማነው?" አሉ ጋሽ ከድሮ። "እኔ" አልኩ። አፌን ምን ያስከፍተኛል።

መጽሐፎቹን ብታዩአቸው። ሰዉ ሁሉ ከቤቱ የጠላውን ነው ያመጣው። አንዱ ስለ ንብ ማነብ። አንዱ በማለዳ ስለ መነሳት፣ ከአልጋ ለማይወርድ ሰው ማለት ነው። መምህር አስረስ፣ የንባብ አባት፣ ይዞት የመጣው ወፍራም ልብ ወለድ መግቢያው ላይ ብቻ በእስክሪብቶ ተሰምሮበታል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ነክቶት አያውቅም። የመለዋወጫ ነጋዴው አብዱልሃፊዝ ደግሞ ምን ቢያመጣ ጥሩ ነው? የመንጃ ፈቃድ መማሪያ። ባጃጅ ገልብጦ ለተኛ ልጅ። እጣው ለማን እንደሚወጣ አያውቅም ነበር ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ። ቢሆንም ተናድጃለሁ።

ሁሉንም ተሸክሜ አልጋው አጠገብ ቆለልኩለት። "ጋሽ ከድሮ ዕቅድ አውጣ ብለውሃል፣ በቀን ስንት ገጽ ልበልልህ?" አልኩት። "ሃምሳ በይ" አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። እኔ ቂሏ ደስ ብሎኝ ለጋሽ ከድሮ ደወልኩ፤ እሳቸውም ማሻአላህ አሉ።

በማግስቱ ስገባ ቁልሉ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል። በሳልስቱ ቻርጀር። ከዚያ ካልሲ። መጽሐፍ ያመጣሁለት መስሎኝ ኮመዲኖ ነው የሠራሁለት። "ጀመርክ?" ስለው "ነገ" ይላል። "ዛሬስ?" ስለው "ነገ አልኩሽ እኮ"። ቀጠሮው እየቀረበ መጣ። አንድ ማታ ብርጭቆውንም ካልሲውንም ጠራርጌ ጣልኩና መጽሐፎቹን ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኳቸው።

"ወዴት ነው?" አለኝ።

"ላነብልህ። ዋስህ አይደለሁ?"

ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። "ተይ እኔ አነባለሁ" ይለኛል ብዬ በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ነበር። ማዳበሪያውን ተሸክሜ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሱቄ የመጣ ሁሉ ያውቀዋል። በአንድ እጄ ሜትር፣ በአንድ እጄ መጽሐፍ። "ሃፊዛ፣ ይሄ ጨርቅ ይለቃል?" ሲሉኝ ንግሥቲቱ ንብ ቀፎዋን ለምን እንደምትለቅ እያነበብኩ ነበርና "ትለቃለች፣ ቤቱ ሲጠባት" ብዬ ደንበኛ አስቄያለሁ። በማለዳ ስለ መነሳት የሚያወራውን ገና በማለዳ ተነስቼ አነበብኩት። በተናደደ ዓይን የተነበበ መጽሐፍ ሁሉም ስድብ ይመስላል። እያንዳንዱን ገጽ ስገልጥ ያ ልጅ እዚያ ተጋድሞ ጣሪያ ሲቆጥር ይታየኛል፣ ደሜ ይፈላል።

ለእሁዱ ጥቂት ቀን ሲቀር ሲስተር ናዝራዊት የመጋረጃ ጨርቅ ልትገዛ መጣች። እኔ ጣቃውን እስካወርድ ባንኮው ላይ የነበረውን የመምህር አስረስን ወፍራም ልብ ወለድ አንስታ ገለጠች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

"ይሄ የሙባሪክ ነው?" አለችኝ።

"የዋሱ ነው" አልኳት። "ምነው?"

"የእግሩን ቅባት ይሸታል።"

"ቤታችን በሙሉ ያንን ነው የሚሸተው። እኔ ራሴ የምሸተው እሱን ነው።"

"ሽታውስ ይሁን። ይሄን እይው" አለችና ከታች በኩል የገጹን ጥግ አሳየችኝ። አውራ ጣት የምታህል የቅባት ምልክት። ቀጣዩ ገጽ ላይም አለ። የሚቀጥለውም ላይ። እስከ መጨረሻው ገጽ አገላበጠችው፣ እስከ መጨረሻው ገጽ አለ። ሙባሪክ ማታ ማታ እኔ ከተኛሁ በኋላ ነው እግሩን የሚያሸው።

ማዳበሪያውን ባንኮ ላይ ዘረገፍኩት። የንቡ ላይ አለ። የማለዳው ላይ አለ። የመንጃ ፈቃዱ መማሪያ ላይ ሳይቀር፣ እስከ መጨረሻው ጥያቄና መልስ ድረስ። እኔ ያነበብኳቸውም ላይ ነበር፤ ዓይኔን ንዴት ሸፍኖት አላየሁትም። ልጁ አንዱን ሳያስቀር አንብቦ ጨርሷል። ማታ ሲያነብ አምሽቶ ነው ቀን ካልሲውን የደረደረበት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሲስተርም ደስ ብሏት ሳቀች። እኔን ግን ያዙኝ ልቀቁኝ አለኝ። ሱቁን ዘግቼ ቤት ሄድኩና ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋው አጠገብ ቆምኩ።

"ከመውሰዴ በፊት አንዱን እንኳ ጀምረህ ነበር?" አልኩት።

"አልጀመርኩም።"

ልብ ወለዱን ደረቱ ላይ ወረወርኩለት። "አሽትተው።"

አላሸተተውም። ገባው። ጣቱን በገጾቹ ጥግ ላይ ሲያሳልፍ ቆየና "ጨርሻቸዋለሁ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ ለምንድነው የምታሾፍብኝ?"

"ጨረስኩ ካልኩሽ ትወስጅኛለሽ። ሰው ፊት ታቆሚኛለሽ። ካላነበብኩ ግን አንቺ ነሽ የምትናገሪው፣ እኔን ማንም አያየኝም።"

ወላሂ፣ ያን ጊዜ ያልመታሁት እግሩን ብዬ ነው። የዋስነት ቃሌን መጋረጃ አድርጎ ከኋላው ተኝቷል። እኔ ልጎትተው የሰጠሁትን ገመድ እሱ በር ማሰሪያ አድርጎታል።

"ሃፊዛ፣ እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም" አለ። "ወጥቼ ደግሞ ብር ይጣልልኝ?"

አንጀቴን በላው፣ አልዋሽም። ንዴቴ ግን ቀደመ። "አትውጣ" አልኩት። "እኔም አላወጣህም።"

በማግስቱ ጋሽ ከድሮ ዘንድ ሄጄ የእሁዱን ማኅበርተኛ እኔ ላስተናግድ አልኳቸው። ተረኛው መምህር አስረስ ነበር፤ በደስታ ለቀቀልኝ።

እሁድ ሰዉ መጣ፤ ሲስተር ናዝራዊትንም ጠርቻት ነበር። ጫማው በሩ ላይ ተደረደረ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ሻይና ሳምቡሳ ቀረበ። የሙባሪክ ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው በአንድ መጋረጃ ነው። እንግዳ እንዳለብኝ እንጂ ማን እንደሆነ አልነገርኩትም ነበር፤ የጋሽ ከድሮን ድምፅ ሲሰማ ከወዲያ ያለው የስልክ ድምፅ ጸጥ አለ። መጽሐፎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

"እንግዲህ ባለእጣው ሙባሪክ ነው" አሉ ጋሽ ከድሮ። "ዋሱ ሃፊዛ። ሕመምተኛ ስለሆነ ከዋሱ እንሰማለን። ተናገሪ ልጄ።"

ተነሳሁ። "እኔ ምንም አልናገርም፣ ጋሽ ከድሮ።"

"አላነበብሽም?"

"አንብቤያለሁ። ዋስ የሚናገረው ባለእጣው ሲጠፋ ወይም ሳያነብ ሲቀር ነው፤ ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት። ወንድሜ አልጠፋም። አንብቦም ጨርሷል። ያለው ከዚህ መጋረጃ ኋላ ነው።"

መምህር አስረስ ብርጭቆውን አስቀምጦ "ታዲያ ምን ችግር አለ፣ እኛ እንግባለት" ብሎ ብድግ አለ።

"ማንም አይገባም" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። "ጠያቂ ሲገባለት ነው የከረመው። ቁጭ በል መምህር።"

ቁጭ አለ። ጋሽ ከድሮ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ክፉ ነሽ ሊሉኝ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞሩና ገበያ መሃል ባለእጣ በሚጠሩበት ድምፅ "ሙባሪክ" አሉ። ደገሙት። "ሙባሪክ። አንብበህ ከሆነ ወጥተህ ተናገር። ካላነበብክ አላነበብኩም በል፣ እህትህ ፊታችን ዋሽታለችና ከዋስነቷ ትውረድ። ከዛሬ ወዲያ በገበያውም እቁብ ዋስ አትሆንም።"

ይሄን አልጠበቅኩም ነበር። ሱቄ፣ ስሜ፣ ያ ሁሉ ዓመት።

ከመጋረጃው ኋላ አልጋው ሲጢጢ አለ።

"ሃፊዛ" አለ ሙባሪክ። "ክራንቼን አቀብይኝ።"

አልተንቀሳቀስኩም። ሲስተር ናዝራዊት ልትነሳ ስትል ክንዷን ያዝኩት። "ያለበትን ያውቀዋል" አልኩ።

"ሃፊዛ፣ አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።"

ስድብ ሰማን። ከዚያ የሆነ ነገር ወደቀ፣ ብርጭቆ ይመስለኛል። አብዱልሃፊዝ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ አንድ እግር መሬት ሲነካ፣ ሌላው ሲጎተት፣ ክራንቹ ሲሚንቶውን ሲመታ። መጋረጃው ተገለጠ። ሙባሪክ ፂሙ አድጎ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ በአንድ እጁ መቃኑን ይዞ ቆመ። እኔን ነው ያየው። እንደዚያ ተናድዶ ሳየው ባጃጁ ከተገለበጠ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

"ማንም እንዳይደግፈኝ" አለ።

ማንም አልደገፈውም። ጠረጴዛው ጋ እስኪደርስ ድረስ ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። ከቁልሉ ውስጥ የመንጃ ፈቃዱን መማሪያ መዝዞ አወጣና ከፍ አደረገው።

"ከዚህ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ግን ይሄን ያመጣው ሰው ማነው?"

አብዱልሃፊዝ የሻይ ብርጭቆው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። ጋሽ ከድሮ ሳቃቸውን በጢማቸው ሸፈኑ። ሙባሪክ ሳይቀመጥ ሁሉንም ተናገረ። የመምህር አስረስ ልብ ወለድ ጋ ሲደርስ "መጨረሻውን መምህር ይንገሩን" አለ፤ መምህር ጣሪያውን አየ። እኔ ያነበብኩትንና እሱ ያነበበውን በልቤ ሳስተያይ ሁለት ቦታ ተሳስቼ ነበር። አልነገርኩትም።

ሲያልቅ ጋሽ ከድሮ "እጣውን የበላ ሰው እቁቡ እስኪፈርስ መጽሐፍ መጣል አለበትና ዋስ ያስፈልገዋል፣ ሃፊዛ እንደሆንሽ ትቀጥያለሽ?" አሉኝ። ሙባሪክ አየኝ። በርግጠኝነት ነው ያየኝ፣ እሺ እንደምል አውቆ።

"ዋሱን ወጥቶ ይፈልግ" አልኩ።

ያን ማታ አላናገረኝም። በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ጣቃ ሳወርድ በክራንቹ ከፊት ለፊቴ አለፈ፤ በዋናው መንገድ፣ መናኸሪያው ወዳለበት። ሰላም አላለኝም። እኔም አልጠራሁትም።